ሳይቃጠል በእሬት ቅጠል

እሳቱን ያስነሣነው እኛ ነን። ከዚሁ እንጀምር፤ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ «እነሱ ናቸው ደግሞ ስለ እሳት የሚመክሩን?» እንዳትሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የካቲት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ጓደኛሞች ተጋርተን በተከራየናት ሰርቪስ ቤት በር ላይ ቡና አፈላን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ወሬው በረካንም አልፎ ሄደ። ሲያበቃ ምድጃው ላይ የቀረውን አመድ ነው ብለን አጥሩ ሥር ደፋነው። አመድ አልነበረም፤ ረመጥ ነበር። አጥሩም አጥር አልነበረም። ከውጭ ሲያዩት አረንጓዴ ግድግዳ የሚመስል፣ ለዓመታት በመቀስ ሲከረከም ኖሮ ውስጡ ጭራሮ ብቻ የቀረ የፈረንጅ ጥድ ነበር።

ሲኒዎቹን አጥበን ሳንጨርስ ጥዱ ተያያዘ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተን አናውቅም፤ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማው ዓይነት፣ ግን ስድስት ሜትር የሚረዝም። ነበልባሉ የጎረቤትን ማድቤት ጣሪያ ላሰው። ውሃ? የሰፈራችን ፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ቀኑ ደግሞ እሁድ። በጀሪካን ያለውን፣ በበርሜል ያለውን፣ ልብስ የዘፈዘፍንበትን ሳይቀር ደፋነው። የሰፈር ልጆች በአካፋ አፈር እየዛቁ ባይደርሱልን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ስለ እኛ ይጽፈው ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። የጠፋው ስድስት ሜትር አጥር፣ ጥቂት የጎረቤት ቆርቆሮ (ደመወዛችንን የበላው እሱ ነው) እና እማማ በእኛ ላይ የነበራቸው እምነት ነው። እማማ አከራያችን ናቸው።

ጥፋቱ የእኛ፣ ካሳውም የእኛ። ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ በተቃጠለው ቦታ ላይ ምን ይተከል?

እማማ፦ «ምን ጥያቄ አለው? ያው ጥዱ ነዋ!»

የእማማ ልጅ፦ «ተክል ምን ያደርጋል? ሲሚንቶ ይፍሰስበትና ታይልስ ይነጠፍ።»

እኛ፦ «እሬት።»

እማማ፦ «እሬት? ከእሳት ተርፌ ደግሞ በግቢዬ መቃብር ልታቆሙብኝ ነው?»

ይህን ብለው በራቸውን ዘጉ። እኛም በሩ ሲከፈት ልንላቸው ያዘጋጀነውን ለእናንተ ልንለው ነው። ምክንያቱም ጉዳዩ የእማማ ግቢ ብቻ አይደለም። እስቲ ከሰፈራችሁ ወጣ ብላችሁ አጥሮቹን ቁጠሩ። ጥድ፣ ታይልስ፣ ጥድ፣ ሣር፣ ታይልስ። እሬት ስንት ቤት አገኛችሁ?

*አሎቬራ ሲሆን እንወደዋለን*

ከእሬት ጋር የተዋወቅነው አፍ ሳንፈታ ነው። ብዙዎቻችንን ጡት ያስጣሉን እሱን ቀብተው ነው። ከዚያ በኋላ የሕይወታችን መራራ ነገር ሁሉ መለኪያ ሆነ። «እሬት እሬት አለኝ» የምንለው ምግቡም፣ ትዳሩም፣ የመሥሪያ ቤቱ አለቃም ሲመረን ነው። እሺ፣ ይሁን። የመረረንን መራራ ማለት ነውር የለውም።

የሚገርመን ሌላው ነው። ይኸው እሬትን «የድሃ ግቢ ተክል» የሚል ሰው ሱፐርማርኬት ገብቶ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ጄል በውድ ዋጋ ይገዛል። ጠርሙሱ ላይ «አሎቬራ» ይላል። አሎቬራ ምንድነው? እሬት ነው! ከእሬት ዘመዶች አንዱ፣ መነሻው ከቀይ ባሕር ማዶ ከዓረብ ምድር የሆነ። ስሙ ሲፈረንጅ ፊት ላይ ይቀባል፣ ስሙ ሲበሻ መቃብር ላይ ይጣላል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ዝርዝር አንብቡት፦ ደብራና፣ ሲናና፣ አንኮበረንሲስ፣ አዲግራታና፣ ያቬላና፣ ከፋኤንሲስ። የአውቶቡስ ተራ ጥሪ እንዳይመስላችሁ። የእሬት ዝርያዎች ሳይንሳዊ ስሞች ናቸው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ አንኮበር፣ አዲግራት፣ ያቤሎ፣ ከፋ። የዓለም የእፅዋት መዝገብ በከተሞቻችን ስም ይጠራቸዋል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እሬቶችና ሊሊዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥተዋል። አገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ከእኛና ከኤርትራ በቀር በተፈጥሮ የትም አይበቅሉም። ቀይ የሚያብብ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፣ ቢጫ አለ። ገደል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚያድግ አለ። እኛ ግን ችግኝ ሻጭ ጋ ሄደን «ሣር በካሬ ስንት ነው?» እንላለን።

*ጥዱስ የማን ነው?*

ስሙ ራሱ ይናገራል፦ የፈረንጅ ጥድ። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ሲመጣ ጥፋት ይዞ አልመጣም፤ ቶሎ ያድጋል፣ ግንዱ ይሸጣል፣ ነፋስ ይከላከላል። በዛፍነቱ ጠብ የለንም። ጠባችን አጥር ላይ ነው። ጥድ በመቀስ በተከረከመ ቁጥር ከላይ ያለው ቅጠል ይጠቀጠቃል፤ ውስጡ ፀሐይ አያገኝም፤ ፀሐይ ያላገኘው ይደርቃል፤ የደረቀው ግን አይወድቅም፣ እዚያው ተይዞ ይቀራል። በአሥርና በሃያ ዓመቱ ያላችሁ አጥር ከውጭ ሁለት ጣት አረንጓዴ፣ ከውስጥ አንድ ክንድ ጭራሮ ነው። ማንም ያየዋል፤ ቅርንጫፉን ገለጥ ማድረግ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ሙጫና ዘይት አለው። ቅጠሉን በእጃችሁ ፈተግ አድርጋችሁ አሽትቱት። ያ ደስ የሚል ሽታ የሚነድ ነገር ሽታ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ የማገዶ እጥረት ሲጠና የገባው ባሕር ዛፍም ያው ነው፤ ዘይታም ስለሆነ ነው ርጥቡ እንኳ እየተንጣጣ የሚነደው። ለማገዶነት የተመሰገነ ዛፍ ከጣሪያችን ሥር ምን ይሠራል?

ይህ ሁሉ ከተማችን ሰፊ ቢሆን ባላሳሰበን። የእኛ ሰፈር ቤቶች ግን ይተነፋፈሳሉ። የአንዱ ማድቤት የሌላው መኝታ ቤት ነው። ጥዱ ደግሞ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ የተዘረጋ ክር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ አገር ሁሉ አይቷል። የተጠጋጋ ነገር ሲነድ ምን እንደሚመስል፣ መኪና በማይገባበት ቦታ ላይ እሳት ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ያን ለሊት ያላየ የለም። እሬት ሸማ ተራን ያድን ነበር አላልንም። የምንለው፦ ከተማው እንዲህ የተጠጋጋ ከሆነ በመካከሉ ቢያንስ ክብሪት አንትከል ነው።

*እሬት እሳት ያጠፋል ያለ ማን ነው?*

እኛ አላልንም። እማማም «ደግሞ እሬት እሳት ሲያጠፋ አየሁ!» ብለውናል። እንግዲህ ነገሩን በልኩ እናስቀምጠው።

የማይነድ ተክል የለም። በቂ እሳት ካገኘ ሁሉም ይነዳል። ልዩነቱ ምን ያህል ቶሎ፣ ምን ያህል ሙቀት እየሰጠ፣ እሳቱንስ ለማን እያቀበለ የሚለው ላይ ነው። አንድ ቅጠል ከመንደዱ በፊት በውስጡ ያለው ውሃ መትነን አለበት። በእሬት ቅጠል ውስጥ ያለው ጄል ከመቶው 98 ገደማ ውሃ ነው። ረመጥ ቢወድቅበት ይቆስላል፣ ይጠቁራል፣ ይጠወልጋል። ለጎረቤቱ ግን ነበልባል አያቀብልም። ዘይትም የለው፣ ጭራሮም የለው። ያን እሁድ ረመጡን እሬት ሥር ደፍተነው ቢሆን ኖሮ አንድ የጠቆረ ቅጠል አይተን «ውይ» ብለን እንገባ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እሳት በየጊዜው የምትጎበኘው ካሊፎርኒያ ውስጥ ለባለቤቶች ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ በቤት ዙሪያ ውሃ የሚቋጥሩ ወፍራም ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ማስቀደም ነው። ከቤት ግድግዳ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ቶሎ የሚነድ ነገር እንዳይኖር የሚል ሕግም እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥታለች (ዝርዝር ደንቡን መጨረስ ግን ዓመታት ፈጅቶባታል፤ ቢሮክራሲ አገር አይመርጥም)። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር ያላት ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እንዴት እንደነደደች ዘመድ ያለን ሁሉ ስልክ ይዘን ስንጨነቅ አይተናል። ከዚያ እሳት የተማርነው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ብዙ ቤት የሚያያዘው ነበልባሉ ደርሶበት ሳይሆን ነፋስ ይዞት የሚመጣው ፍንጣሪ ግድግዳው ሥር ካለ ደረቅ ነገር ላይ አርፎ ነው። ፍንጣሪው የሚያርፍበት ነገር ምንድነው? ጥያቄው ይኸው ነው።

ስለዚህ እሬት ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከተረሳ ምድጃ፣ ከሚያፈስ የጋዝ ሲሊንደር አያድናችሁም። እነሱን በየራሳቸው መድኃኒት ጠብቁ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋንም ስልክ፣ 939ን፣ በእጅ ስልካችሁ መዝግቡ (እኛ ያን ቀን አልመዘገብንም ነበር)። እሬት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ትንሹ ስህተት ትንሽ ሆኖ እንዲቀር። እንደ እኛ ላለ ስህተተኛ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

*ታይልሱስ?*

የእማማን ልጅ አንርሳው። ሲሚንቶ አይነድም፤ እውነቱን ነው። ይህን ነጥብ ሰጥተነዋል።

ነገር ግን ሲሚንቶ ውሃም አይጠጣም። ሐምሌ ላይ የሚወርደው ዝናብ በአፈር ሲሆን ይሰርጋል፤ በታይልስ ሲሆን በበር ሥር ወጥቶ ወደ ኮብልስቶኑ፣ ከኮብልስቶኑ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። እኛ ደረቅ እግር ይዘን ስንገባ ከቁልቁለቱ በታች ያለችው እናት ፍራሿን እያነሳች ነው። የእያንዳንዳችን ታይልስ የአንድ ሰው ጎርፍ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ያው ታይልስ ቀኑን ሙሉ ሲግል ውሎ ማታ ሙቀቱን ይመልስልናል።

ሌላም አለ፣ ይህንን በዓይናችን ያየነው ነው። ባዶ ሲሚንቶ ባዶ ሆኖ አይቀርም። ካርቶን ይቀመጥበታል፣ የተሰበረ ወንበር ይቀመጥበታል፣ ባዶ ጀሪካን ይደረደርበታል፣ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ይቆለልበታል። በዓመቱ «የማይነደው» ግቢ የሚነድ ዕቃ መጋዘን ይሆናል። እሬት የተተከለበት ቦታ ላይ ግን ማንም ካርቶን አይከምርም። እሾህ አለዋ!

ሣር የሚወዱ ደግሞ አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር ሣርና አበባ ሲተከል አይተን ግቢያችንንም እንደዚያው ማድረግ አምሮናል። መንገዱ የሚያጠጣው ቦቴ አለው። እናንተ ምን አላችሁ? በሳምንት ሁለቴ የምትመጣ ውሃ ለሻይ፣ ለወጥ፣ ለገላ፣ ለልብስ አልበቃ ብላ ለሣር ትተርፋለች? ያልጠጣ ሣር ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ገለባ ነው።

*«የመቃብር ተክል ነው»*

የእማማ ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነው፤ ልንንቀው አንችልም። እውነት ነው፣ በብዙ የአገራችን ክፍል እሬት መቃብር ላይ ይተከላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚተክልበት አገር አለ። እኛም ስለ ሞት እንደማያስቡ ሰዎች አንሆንም። እማማ ባለቤታቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ተክሉን ሲያዩ የሚያዩት ሌላ ነገር ይሆናል።

ግን እስቲ ለምን መቃብር ላይ ተተከለ? የሚያጠጣው ሰው ስለሌለ ነው። ከቀብር በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። አርባው ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይወጣል፣ ከዚያ ኑሮ ያሸንፋል። ማንም ሳይጎበኘው፣ ድንጋይ መሐል፣ ከዝናብ እስከ ዝናብ አረንጓዴ ሆኖ የሚጠብቅ ተክል ማን ነው ሲባል አባቶቻችን እሬትን መረጡ። ነቅላችሁ ጥላ ሥር ብትጥሉት እንኳ ወራት ሳይሞት ይቆያል። የሞት ምልክት አድርገው አልመረጡትም፤ አለመሞትን የሚያውቅ ስለሆነ ነው የመረጡት። እኛ ነን ተክሉን ከቦታው ጋር አምታተን የጠላነው። በዚህ ሒሳብ ከሆነ ጥድም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከመቃብሮች አጠገብ ነው የሚበቅለው። እሱን ለምን አልፈራነውም?

ደግሞ ሲያብብ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከመካከሉ አንድ ዘንግ ይወጣል፣ ዘንጉ ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ፋኖስ ይሰቀላል። ወዲያው እንግዳ ይመጣል፤ ምንቃሯ የተቆለመመ፣ የአበባ ወለላ የምትመጥ ትንሽ ወፍ። ከእነዚህ ወፎች አንዱ ዝርያ፣ ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ የሚያብረቀርቀው፣ በዓለም የወፎች መዝገብ በተከዜ ወንዝ ስም ነው የሚጠራው። አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ይታያል። ወፏም የኛ፣ አበባውም የኛ፣ ስማቸውም የኛ። መቃብር እንዲህ ከሆነ ምን አለበት?

*እሺ፣ እንዴት ይተከል?*

ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው፣ እርሻ አይደለም። ግን ጠይቀን፣ አንብበን፣ ሦስት ችግኝ ገድለን የተማርነውን እንካችሁ።

አንደኛ፣ ከዱር አትንቀሉ። ከአሎቬራ በቀር የዱር እሬት ዝርያዎችን ከአገር አገር መሸጥ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ሕጉ ቢቀር እንኳ፣ አንድ ተራራ ላይ ብቻ የሚኖርን ተክል ለአጥራችን ብለን ብንጨርሰው ከማን እንሻላለን? ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከችግኝ ሻጭ ውሰዱ፤ ሻጩንም «ያፈላኸው ነው ወይስ የነቀልከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው እሬት ከሥሩ ልጅ ያወጣል፤ ልጁን ከነሥሩ ለይቶ መውሰድ ነው። ልጅ የማያወጣው በዘር ይፈላል። ዝርያዎቹን ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ፣ ዩኒቨርሲቲውና ከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት ጉለሌ የእፅዋት ማዕከል አለ፤ አገር በቀል እፅዋትን የማየት ፍላጎት ካላችሁ የቅዳሜ ሽርሽር አድርጉት።

ሁለተኛ፣ ለይታችሁ እንዳመጣችሁት አትትከሉት። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር አስቀምጡት። ከነቁስሉ ርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። የመጀመሪያዋ ሟች ችግኛችን የሞተችው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የእሬት ጠላት ድርቅ ሳይሆን ውሃ ነው። አፈራችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል። መፍትሔው መደቡን ሃያ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው፤ ከሥር የድንጋይ ስብርባሪ፣ ከላይ አፈር ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ተቀላቅሎ። (ከግንባታ የተረፈው ጠጠር በመጨረሻ ሥራ አገኘ ማለት ነው።) ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ጊዜው መስከረም መጨረሻ፣ ከባዱ ዝናብ ሲያባራ ቢሆን ጥሩ ነው።

አራተኛ፣ እስኪይዝ ድረስ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። ከያዘ በኋላ እርሱት። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ችግኞቻችን የሞቱት በፍቅር ነው፤ በየቀኑ እያጠጣን።

አምስተኛ፣ የእሳቱ ጉዳይ። በመካከላቸው ስልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ሥራቸው ላይ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አታልብሱ፣ ጠጠር ይበቃል። የደረቁትን የታች ቅጠሎች በየጊዜው ልቀሙ። ይህን የምንለው በምክንያት ነው፦ በደቡብ አፍሪካ ዱር ረጃጅም እሬቶች የደረቀ ቅጠላቸውን ግንዳቸው ላይ እንደ ካፖርት ይዘው እንደሚቆዩ፣ ይህም ግንዱን ከሰደድ እሳት እንደሚጠብቀው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ለተክሉ ጥሩ ነው። ለእናንተ ግድግዳ ግን ጭራሮ ጭራሮ ነው። ግድግዳውና ተክሉ መካከልም ጠጠር ብቻ ያለበት ባዶ መስመር ይኑር። ውሃ የቋጠረ ተክል ሥር የተከማቸ ቆሻሻ ካለ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስድስተኛ፣ ልጆች ካሉ መንገድ ዳር አትትከሉት፤ ጠርዙ ይወጋል። ከልጡ ሥር የሚወጣውን ቢጫ ፈሳሽም ማንም አይጠጣው፤ ሆድ ክፉኛ ያስቀምጣል። «ተፈጥሮ ነው» የሚባል ነገር ሁሉ አይጠጣም።

አበባውን ለማየት ታገሱ። ከልጅ የተተከለ እሬት እስኪያብብ ጥቂት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እዚህ ላይ ነው የልብ ጥያቄ የሚመጣው።

*ለሰው ግቢ ማን ይተክላል?*

ጓደኞቻችን የሚሉን ይህንን ነው፦ «ተከራይ ናችሁ። ነገ ኪራይ ይጨምሩባችኋል፣ ትወጣላችሁ። ለሰው ግቢ ምን አስለፋችሁ?» እውነታቸውን ነው። የእኛ ዕድሜ ሰው በዚህ ከተማ የራሱ የሚለው አፈር የለውም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው በረንዳ አለው፤ ያልደረሰው ጀሪካን አለው።

መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሳት የቤት ካርታ አይጠይቅም። ያን እሁድ ነበልባሉ «ባለቤቷ ማን ናት፣ ተከራይዋ ማን ናት?» አላለም። የምንተኛው እዚያ ነው፤ የሚነደውም እዚያው ነው። ሁለተኛ፣ እሬት ከሁሉም ተክል የተከራይ ተክል ነው። ጥድ ይዘህ ቤት አትቀይርም፣ ሣር ጠቅልለህ አትሄድም። እሬት ግን በተቆረጠ ጀሪካን ይኖራል፣ ከዕቃ ጋር ይጫናል፣ ሲደርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ስትወጡ ልጆቹን ይዛችሁ እናቱን መተው ትችላላችሁ። ለአከራዩ የተውነው ነገር ሁሉ ቆሻሻ መሆን የለበትም።

ደግሞስ እንናገር ከተባለ፣ ይህ ትውልድ ሁሌ የሚወቀሰው በማቃጠል ነው። ልብ ያቃጥላሉ፣ ጊዜ ያቃጥላሉ፣ ገንዘብ ያቃጥላሉ። እኛ ደግሞ የምር አቃጠልን። ታዲያ ካሳችን ቆርቆሮ ገዝቶ መክፈል ብቻ ነው? ያንኑ ጥድ መልሰን ተክለን፣ ያንኑ ምድጃ መልሰን ይዘን፣ ከእኛ ቀጥሎ የምትከራየዋ ልጅ ያንኑ ረመጥ እስክትደፋ እንጠብቅ? አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጌጥ አልነበረም። ቅጠሉን መርጠን ማቅረብ የእኛ ፈንታ ነው።

እማማ ትናንት በራቸውን ከፈቱ። ሦስት የእሬት ልጆች በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ የተቃጠለው ቦታ ላይ ሳይሆን ትንሽ ፈንጠር ብለው ተቀምጠዋል። ቆመው አዩአቸውና «አሁን ይሄ ያብባል ትሉኛላችሁ?» አሉ። «ያብባል፣ እማማ» አልናቸው። «መቼ?» «ጥቂት ዓመት።» «እስከዚያ እናንተ እዚህ ትኖራላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም፤ የኪራዩን ነገር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ግን ጥዱን አላስመጡም። ሲሚንቶውም አልፈሰሰም።

እናንተም ከደጃችሁ ወጣ ብላችሁ የአጥራችሁን ጥድ ገለጥ አድርጉት። ውስጡን እዩት። ከዚያ በኋላ እንነጋገር።